ጥያቄ ሰላሳ አራት

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ስም እተይባለሁ፣
የሰው ልጅን ዕድል በቁጥር አያለሁ።
ዘንድሮ ሁለት ሺህ ተፈታኝ ነበረ፣
ወንበሩ ዘጠና፤ ሌላው ደጅ ቀረ።
ከሆጤ፣ ከሙጋድ፣ ከገራዶ መጡ፣
ከደላንታ ማዶ በሌሊት የወጡ፤
ባንድ ደወል ጽፈው
ባንድ ደወል እርሳስ አስቀመጡ።

ማንም አልሰረቀም፤ ለዚህ ምስክር ነኝ።
ስልኩ ሁለቴ ጮኾ ማንም አላነሣም፤ እዚያው ነበርኩኝ።
ስርቆት ቢኖርማ እንቅልፌን ባልነሣኝ፤
ሌባ ስም አለው።

ሰማንያ አንድ ከሩብ፤ ኪሩቤል አጥናፉ፣
ዘጠናኛው ወንበር፣ የመጨረሻው ጫፉ።
ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰመረ፤
ከመስመሩ በታች፣ ረውዳ ይመር፣
ሰማንያ አንድ። ሩብ ቀረ።

ኮሚቴው ተጣላ። ሻዩ በረደ።
አቶ እሸቴ አሉ፦ «መስፈሪያው አንድ ነው፣
ላንዱ ቆልለን ላንዱ እንዴት እንላጨው?»
መምህርት ዘምዘም መነጽሯን አወለቀች፦
«ቁናውስ አንድ ነው፤ ዝናቡ አንድ ነው ወይ?
አንዱ ማሳ ጠግቦ፣ አንዱ እያየ ሰማይ።»
«እና ምን ይደረግ? ሩብ እንመርቅ?
ከዚያስ ዘጠና ሁለተኛው መጥቶ ቢጠይቅ?»
መልስ አልነበራትም። መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።
እኔ ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅኩ፣
ማንም አላየኝም፤ ተየብኩ።

ኪሩቤልን አውቀዋለሁ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው፤
አስጠኚ ነበረው፣ ግን ያጠናው እሱ ነው።

ጠዋት ዝርዝሩንና የሙጫውን ጣሳ ይዤ ወጣሁ።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተኝቷል፤
ሰው አይታይም፣ ሳል ብቻ ይሰማል።
ወላጆች በስልክ መብራት ግድግዳውን ይዳስሳሉ።
አንዲት እናት እልል ብላ መሐል ላይ አፈረች፤
አጠገቧ የቆመው ሰውዬ ገና እየፈለገ ነበር።
ከታች ወደ ላይ የሚያነብ አባትም አየሁ፤
ተስፋውን ማስረዘሙ ይሁን ማሳጠሩ
አልገባኝም።

ጉሙ ሲገፍ አንዲት ልጅ ቀረች።
ጫማዋ ላይ የሌላ አገር ጭቃ ደርቋል፣ ቀይ፣
የደሴ ያልሆነ።
ስሟን እንዳላገኘች አውቃለሁ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ፤
ማለቴ፣ ያልተየብኩት።

«እትዬ» አለችኝ።
ስለ ሩቡ ልነግራት፣ ስለ ይግባኙ፣ ስለ ማመልከቻው፣
አፌን ከፈትኩ።
«ጥያቄ ሰላሳ አራት መልሱ ምን ነበር?
ሥዕል ነበረው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከታች የታሰረ ነገር።
ግማሽ ነጥብ ይይዛል።»
«ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ የለም?»
«አለ እንጂ። በሩ አለ፣ ቁልፉም አለ፤
ውስጡ ነው የሌለው። በዚያን ጊዜ ተጭኖ ሄደ።»

መልሱን አላውቀውም። እኔ የማውቀው ስም መጻፍ ነው።
ጋሽ ሙሄን ለመንኩት፤ እያጉረመረመ ከፈተልን።
መደርደሪያው ላይ በብረት ክንድ ተይዞ ቆሟል፣
ቀጭን፣ ረጅም ብርጭቆ፣ ጎኑ በሰረዝ የተሞላ።
«ቡሬት» አላት ጋሽ ሙሄ፣ እንደ ልጁ ስም።
ከታች ያለችውን መዝጊያ በሁለት ጣት አዞረች፤
አንድ ጠብታ።
ቆመች፣ አየች፣ ደግሞ አዞረች፤
ሌላ ጠብታ።
«ይቺን ታህል ውሃ ይለያል?»
«ከዚህችም ታንሳለች። ምንም አይስተውም።»
«አይ» አለች፣ ስቃ ነው መሰለኝ፣
«እንዲህ ቀላል ነው?»
መዳፏ ላይ ስሙን ጻፈች፣
የመናኸሪያው ባጃጅ ሳይሞላ ብላ ሮጠች።

ማታ ቢሮ ብቻዬን ዝርዝሩን ከፈትኩት።
ከመስመሩ በታች፣ ከስሟ ፊት፣
ጠቋሚው ብልጭ፣ ድርግም ይላል፤ የሚጠብቅ ይመስላል።
ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ናቸው።
ምንም አልጨመርኩም። ምንም አልሰረዝኩም።
መብራቱ ሲጠፋ እንኳ
እዚያው ተቀምጬ ነበር።